ከቴሌስክሪኑ ይልቅ ሳንቲም የሚጠይቀው በር

የማርቆሱ አንባቢ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ።

የሳይንስ ልቦለድ የዛሬውን ኑሮ አስቀድሞ አይቷል በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የጆርጅ ኦርዌል ቴሌስክሪን ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የታተመው «1984» የተባለው መጽሐፉ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚያሳይም የሚያይም መሣሪያ ስላቀረበ፣ ስለ ካሜራና ስለ ስለላ ወሬ ሲጀመር እርሱን መጥቀስ ልማድ ሆኗል። እኔ ግን አሁን ላለንበት ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዩቢክ» ውስጥ ያለ አንድ ተራ የቤት በር ነው ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፉን ላላነበበው ነገሩ እንዲህ ነው። ጆ ቺፕ የተባለው ባለታሪክ የገዛ ቤቱን በር ሊከፍት ሲል በሩ አምስት ሳንቲም ይጠይቀዋል። ኪሱ ባዶ ነው። ነገ እከፍልሃለሁ ቢለውም በሩ ንቅንቅ አይልም። የምሰጥህ ጉርሻ እንጂ ግዴታዬ አይደለም ብሎ ሲከራከር፣ በሩ ቤቱን ስትገዛ የፈረምከውን ውል አውጥተህ አንብብ ይለዋል። ከመሳቢያው አውጥቶ ያነበዋል፤ በሩ እውነቱን ነው። ጆ ቺፕ ተናድዶ ቢላዋ ያመጣና ብሎኖቹን መፍታት ሲጀምር በሩ እከስሃለሁ ብሎ ያስፈራራዋል። በመጨረሻ ደጅ የቆመ የሥራ ባልደረባው ሳንቲሙን ከፍሎለት ይከፈታል፤ ጆ ቺፕም አጣሁ ከማለት ይልቅ ማሽኑ በእኔ በኩል ተበላሽቷል መሰለኝ ብሎ ይዋሻል። ይህቺን የመጨረሻዋን ውሸት ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ክብሩንም እንደ ወሰደበት ታሳያለች።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ፖሊስ የለም፤ የፓርቲ መሪ ሥዕልም የለም። ያለው ውል ነው፤ ያውም ባለቤቱ ራሱ የፈረመው። ቢኤምደብሊው በ2022 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ አገሮች የመቀመጫ ማሞቂያን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ማቅረቡ ሲሰማ ብዙ አንባቢዎች ይህን በር ያስታወሱት ያለ ነገር አይደለም። የማሞቂያው ሽቦ አስቀድሞ መቀመጫው ውስጥ ተቀብሯል፤ መኪናውም ተገዝቷል፤ የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነበር። ኩባንያው በማግሥቱ ዓመት ነገሩን ቢተወውም አሠራሩ ግን በሌሎች ዕቃዎች ላይ ቀጥሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የ«ዩቢክ» ሁለተኛ ክፍል ስለ ድርብርብ ዓለም፣ ማለትም ሌላ ዓለም በላዩ ስላለበት ዓለም ነው። ጨረቃ ላይ በደረሰ ፍንዳታ አለቃቸው የሞተባቸው ሰዎች ወደ ምድር ሲመለሱ ሲጋራው እጃቸው ላይ ይፈረፍራል፤ ወተቱ ይበላሻል፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ኋላ እየሄደ 1939 እ.ኤ.አ. ድረስ ይወርዳል። ከሞተው አለቃም መልእክት ይመጣል። ኋላ ላይ ሙታኑ እነርሱ እንደሆኑ፣ በበረዶ ክፍል ተቀምጠው ጥቂት የቀረች ሕይወታቸውን እየኖሩ እንደሆነ፣ በዙሪያቸው ያለውን ከተማም የእነርሱን ዕድሜ እየበላ የሚሠራላቸው ጆሪ የሚባል ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ተቺዎች በሩን እንደ ቀልድ፣ ድርብርቡን ዓለም እንደ ፍልስፍና ለያይተው ሲያነቡት አያለሁ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። በሩ አልከፍትም የሚለው እኛ ልንደርስበት ከማንችል ሌላ ቦታ በወጣ ትእዛዝ ነው። እኛ የምንቆምበት አንድ ፎቅ፣ ጥያቄያችን የሚወሰንበት ደግሞ ሌላ ፎቅ ነው። እንዲህ ካሉ ዕቃዎች ጋር ብዙ የኖረ ሰው አንድ ቀን «ይህን የሚወስነው ማን ነው? የት ሆኖ?» ማለቱ አይቀርም። የዲክ ልቦለድ የሚሄደው በዚሁ ጥያቄ መንገድ ነው።

እስኪ ሐሳባችሁን አካፍሉን።

ጥገና ቤቷ (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ፣ መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ በሩን ግን በየቀኑ አገኘዋለሁ። የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። የእኔን በር ላሳይህ።

አንድ አባት ከገጠር ለገበያ ሲመጡ ስልካቸውን ይዘውልኝ መጡ። የልጅ ልጃቸው ሲነካካው መቆለፊያውን አበላሽቶት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ልክፈትልዎት ብሎ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ከአዲስ አስነሥቶታል። ስልኩ ሲነሣ በፊት ይሠራበት የነበረውን የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ጠየቀ። «አባቴ፣ ጂሜይልዎ ማን ይባላል?» አልኋቸው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። አድራሻ አላቸው ለካ። ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ በገዙት ዕለት ከፍቶላቸዋል፤ ስም ሲጠየቅ የመጣለትን ጽፎ፣ የልደት ዘመን ሲጠየቅ የመሰለውን ሞልቶ፣ የይለፍ ቃሉንም ለራሱ በሚመቸው መንገድ አድርጎ። እርሳቸው በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ዓመታት የያዙት ስልክ የሚያውቀው እርሳቸውን ሳይሆን ያንን ሰምተውት የማያውቁትን ስም ነው።

ይህ መቆለፊያ የተሠራው ለሌባ ነው፤ ጥሩ ነገር አይደለም ማለት አልችልም። የተሰረቀ ስልክ እንዳይሸጥ ይከላከላል። ነገር ግን ስልኩ ፊት የቆሙት ባለቤትና ሌባ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ይለፍ ቃሉን አያውቁትም። ደረሰኝ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ደረሰኙ ዝናብ መትቶት ነጭ ወረቀት ሆኗል። እንደ ምንም ሻጩ ልጅ ተፈልጎ ስልክ ተደወለለትና እርሱ ደብተሩን አገላብጦ ነገረን። ደብተሩ ላይ የስንት ሰው ስም እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሁለት ፎቅ ያልከው ነገር ገባኝ። ሽማግሌው ከታች ሰውዬው ናቸው፤ ከላይ ደግሞ የሱቅ ልጅ የፈጠራቸው ሌላ ሰው አሉ፤ የሚታዘዘው የላይኛው ነው።

የቢቸና ልጅ

ለመልካም አነሣሡ የማርቆሱን አንባቢ እያመሰገንኩ በዋናው ነጥብ ግን አልስማማም። ኦርዌልን እንዲህ በቀላሉ ወደ ጎን ማድረግ የሚቻለው ቴሌስክሪኑን እንደ ካሜራ ብቻ ያነበበ ሰው ነው። የቴሌስክሪኑ ቁም ነገር ማየቱ አይደለም፤ ማን ሊያጠፋው እንደሚችል ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ዊንስተን ድምፁን ይቀንሳል እንጂ ማጥፋት አይችልም። ኦብራየን የተባለው ባለሥልጣን ግን እነ ዊንስተን ቤቱ በመጡ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ለከፍተኛው ፓርቲ አባላት የተፈቀደ መብት ስለሆነ። የማጥፊያ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከአምስት ሳንቲም ጥያቄ ይልቃል።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ከንባብ ያለፈ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያ በር ሳንቲም አልጠየቀንም፤ ውል አውጥታችሁ አንብቡም አላለንም። ገንዘብ ይዞ የቀረበውም ያልያዘውም እኩል ውጭ ቀረ። የንግድ በር ቢያንስ ከፍለህ ታልፈዋለህ።

ከኦርዌልም በፊት ሩሲያዊው ዛምያቲን «እኛ» በሚለው ልቦለዱ ሰዎች በቁጥር የሚጠሩበትና ግድግዳቸው መስተዋት የሆነ ከተማ አሳይቷል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። መጋረጃ ማውረድ የሚቻለው በተፈቀደ ሰዓት፣ በወረቀት ነው። ዛሬ በመስተዋት ቤት የምንኖረው ተገድደን አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ሳምሰንግ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ቴሌቪዥኖቹ ባወጣው መግለጫ የድምፅ ማዘዣው ሲሠራ በክፍሉ የሚነገር የግል ወሬ ለሌላ ወገን ሊተላለፍ እንደሚችል ራሱ ጽፎ ነበር። ሰዉ ጥቂት አጉረመረመና ቴሌቪዥኑን መግዛቱን ቀጠለ።

ከጎንጂ ቅኔ ቤት

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ አነበብሁ። ድርብርብ ዓለም ሲባል ከጎጃም ሰው አእምሮ ሰምና ወርቅ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ሌላ ሰው ሳያነሣው እኔው ላንሣውና እኔው ልመልሰው።

ቅኔ ድርብርብ ነው፤ ነገር ግን እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ድርብርብ ነው። ተማሪው ሲቆጥር መምህሩ ያርማል፤ ሰሙ ወርቁን እንዲደብቅ የሚፈቀድለት ጆሮ ያለው ሰው እንዲያገኘው ነው፤ ማንም የማይደርስበት ወርቅ ያለው ቅኔ ቢቀርብ መምህሩ አይቀበለውም። እናንተ የምትሉት ልቦለድ ውስጥ ያለው የላይኛው ዓለም ግን የታችኛው ሰው እንዳያገኘው ተብሎ የቆመ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማዛመድ አይስማማኝም።

ይልቅስ የሚቀርበው አፍዝ አደንግዝ ነው። ደብተራው ጉባኤው መሐል ወንዝ አፍስሶ እንግዶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ሲሻገሩ፣ ዘግይቶ ከደጅ የገባ ሰው ደረቅ መሬት ላይ ጉልበታቸውን ገልጠው ሲያያቸው በሣቅ ሲሞት የሚተረተውን ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ተረት ውስጥ የሚያድነው ያ ዘግይቶ የመጣው ሰው ነው። የማርቆሱ ልጄን አንድ ልጠይቅህ፤ በዚህ በዲክ መጽሐፍ ከደጅ የሚገባ ሰው አለ ወይ?

የማርቆሱ አንባቢ

የኔታ፣ ጥያቄዎ መጽሐፉን ከሥሩ ይነካል። አለ ይመስላል። ሞተ የተባለው አለቃ ራንሲተር ከውጭ ሆኖ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሆኖ የበረዶ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ለመናገር ይሞክራል፤ የእርሱ ፊት በሳንቲሞቻቸው ላይ ይታያል። አንባቢው በዚህ እርግጠኛ ሆኖ ሳለ በመጨረሻዋ ገጽ ራንሲተር ኪሱን ሲፈትሽ የጆ ቺፕ ምስል ያለበት ሳንቲም ያገኛል። እንግዲህ ከደጅ የገባው ሰውም ከሌላ ደጅ ውስጥ ነው።

ይህ የዲክ ብቻ ሐሳብ አልነበረም። ዳንኤል ጋሉዬ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልቦለድ ሰው ሠራሽ ከተማ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚፈጠረው ለምርምር ወይም ለጦርነት ሳይሆን፣ እየዞሩ የገበያ አስተያየት የሚሰበስቡ ሠራተኞችን ለመተካት ነው። ነዋሪዎቹ የሚኖሩት ምን ዓይነት ሸቀጥ እንደሚወዱ ይታወቅ ዘንድ ብቻ ነው። ኋላ ባለታሪኩ የራሱም ዓለም እንዲሁ እንደሆነ ይደርስበታል። እዚህ ላይ የበሩና የድርብርቡ ዓለም ዝምድና በግልጽ ይታያል፤ የታችኛው ዓለም የተሠራበት ምክንያት ሽያጭ ነው። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌምም በዚያው ዓመት ባሳተመው የሐሳብ መጽሐፍ፣ ፍጹም የሆነ የማስመሰያ መሣሪያ ውስጥ የገባ ሰው ወጥቻለሁ ሲል እንኳ መውጣቱን ሊያረጋግጥ እንደማይችል ጽፏል። (በነገራችን ላይ ሌም ዲክን ከአሜሪካ ደራስያን ለይቶ ሲያደንቅ፣ ዲክ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ለኤፍቢአይ በጻፈው ደብዳቤ ሌም አንድ ሰው ሳይሆን ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠቁሞበታል። ድርብርብነት በልቦለዱ ብቻ አልቀረም።)

ለቢቸናው ወንድሜ፦ የማጥፊያ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። ነገር ግን በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ኩባንያ ሰዎች ከፍለው ከገዙት የንባብ መሣሪያ ውስጥ መጻሕፍትን ከሩቅ ሆኖ አጠፋ፤ ሻጩ የማሳተም መብት አልነበረውም በሚል። ከጠፉት አንዱ የኦርዌል «1984» ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል፤ ሆኖም ማጥፋት እንደሚችል ታወቀ። ቴሌስክሪኑን የሚያጠፋውና በሩን የሚዘጋው አንድ ዓይነት እጅ እየሆነ መምጣቱን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለኝም።

የደጀን መንገደኛ

ሁላችሁም የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ ግን ትንሽ ልቃወም።

አንደኛ፣ ትንቢት የምትሉት ከብዙ ስሕተት መሐል የተመረጠ ነው። የ«ዩቢክ» ታሪክ የሚካሄደው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ሰው ወደ ጨረቃ ለሥራ ይመላለሳል፤ የሰው አእምሮ የሚያነቡ ሠራተኞች ይቀጠራሉ፤ ሙታን በበረዶ ቤት ይነጋገራሉ። ከዚህ ሁሉ አንዱም አልሆነም። የሆነችውን አንዲት በር ይዛችሁ ነቢይ አላችሁት። ሳንቲሙም ቢሆን ዛሬ የለም፤ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ እርሱን ዲክ አላሰበውም።

ሁለተኛ፣ ከመሣሪያው በፊት የነበረውን የረሳችሁት ይመስላል። የካርድ ቆጣሪ ሳይመጣ በፊት የመብራት ሒሳብ በግምት ይጻፍ ነበር። ቆጣሪ አንባቢው ቤቱን ሳያይ ቁጥር ይሞላል፤ አቤት ለማለት መስኮት ላይ ትሄዳለህ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነገ ና ይላል፤ በማግሥቱ ደግሞ ስብሰባ ነው። ዘመድ ያለው በጓሮ ይገባል። ቆጣሪው ዘመድ አይጠይቅም። የከፈልኩትን ያህል አበራለሁ፤ ሲያልቅ ይጠፋል። ይህንን ጭቆና የሚለው፣ በመስኮት ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

ጥገና ቤቷ (ፍኖተ ሰላም)

የደጀኑ ወንድሜ፣ በመስኮት ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ የምትለው እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰው ይለመናል። «ልጆቼ ጨለማ ውስጥ ናቸው» ስትለው ያ ነገ ና ባይ አንዳንድ ቀን ያፍራል፤ ሰው ሲሰማ ያፍራል። ካርዱ በበዓል ዋዜማ ማታ ያለቀባት ሴት ግን ቆጣሪውን ምን ትለዋለች? አዲስ ካርድ የሚሞላው ቢሮው ሲከፈት ነው፤ በስልክ ለመክፈል ደግሞ ኔትወርክ መኖር አለበት።

እና እዚህ ላይ ዲክ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ደግነቱ በዝቶ። የእርሱ በር ይናገራል። ይከራከራል፤ የትኛው ውል እንደሆነ ይነግርሃል፤ ውሉም መሳቢያህ ውስጥ ነው። የእኔ ደንበኞች ስልክ «ስሕተት ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» ብቻ ይላል። ምን ስሕተት? የማን? እስከ መቼ? ውሉንም ያነበበ የለም፤ እስማማለሁ የሚለውን የሚጫነው ሻጩ ልጅ ነው።

የማርቆሱ አንባቢ

እህቴ፣ ይህ አስተያየትሽ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። የማይናገረውን በር ያየው ከዲክ ስድሳ ዓመት ቀድሞ የጻፈው ኢ. ኤም. ፎርስተር ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. በወጣ አጭር ልቦለዱ ሰዎች ከመሬት በታች እያንዳንዳቸው በአንዲት ክፍል ተቀምጠው ሁሉን ነገር ከማሽኑ ያገኛሉ፤ በስክሪን ይተያያሉ፤ በስክሪን ትምህርት ይሰጣሉ። ሙዚቃው መንተፋተፍ ሲጀምር ባለታሪኳ ለጥገናው ኮሚቴ አቤት ትላለች። በቅርቡ ይስተካከላል ይሏታል። አይስተካከልም፤ ሰዉም ብልሹውን ድምፅ ይለምደዋል። ገላ መታጠቢያው ይገማል፤ እርሱንም ይለምዱታል። በመጨረሻ የተበላሸው የጥገናው መሣሪያ ራሱ እንደሆነ ይነገራቸዋል።

ደራሲው ያየው ስክሪኑን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባላነሣሁት፤ ያየው መልመድን ነው።

የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ

ክርክሩ ስልክና ቤት ላይ ስለቀረ ስለ እርሻ አንድ ነገር ልበል። በእኛ በኩል ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ተከራይተን እናሳጭዳለን። አሮጌው ኮምባይነር ሲበላሽ ሹፌሩና መካኒኩ ከሥሩ ተኝተው በመፍቻና በሽቦ አስነሥተውት ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀጥል አይቻለሁ። አሜሪካ ግን ገበሬው የጆን ዲር ትራክተር ገዝቶ፣ ክፍሉን ራሱ ቢቀይር እንኳ የኩባንያው ሶፍትዌር ካላወቀው ሙሉ በሙሉ ሊጠግነው አይችልም በሚል ለዓመታት ሙግት አለ። ኩባንያው በ2023 እ.ኤ.አ. ከገበሬዎች ማኅበር ጋር ስምምነት ቢፈርምም፣ በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶታል። ሰብል ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም።

የደጀን መንገደኛ

ይኸውላችሁ፤ የደብረ ኤልያሱ ልጅ ለእኔ መሰከረልኝ። የማርቆሱ ወንድሜ ከደጅ የገባው ሰውም ከሌላ ደጅ ውስጥ ነው አለን። ለልቦለድ ጥሩ መጨረሻ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ፎቁ ጣራ አለው። ትራክተሩን የዘጋው ኩባንያ አድራሻ ስላለው ነው መጥሪያ የደረሰው። የሽማግሌውንም ስልክ የሚወስነው እርከን ከእርከን ተቆጥሮ የሆነ ቢሮ፣ የፈረመ ሰው ላይ ይቆማል። ዓለሙ እስከ መጨረሻው ድርብርብ ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ መጥሪያውን ለማን ያደርሳል?

የቢቸና ልጅ

በዚህ ከደጀኑ ጋር እቆማለሁ፤ ግን መጥሪያ የሚያደርሰው ፍርድ ቤት ካለ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ከሳሽ ኮሚሽን አለው። የኛ ሽማግሌ ያላቸው የሱቅ ልጅ ደብተር ነው። እኅታችንን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከስልኩ ሌላ ለእኚያ አባት የጻፍሽላቸው ነገር አለ?

ጥገና ቤቷ (ፍኖተ ሰላም)

አዎን። አዲስ አድራሻ በትክክለኛ ስማቸው ከፈትኩና አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን በካርቶን ላይ በአማርኛ ፊደል እንዴት እንደሚነበብ ጭምር ጻፍኩላቸው። ከዕቁባቸው ደብተር ጋር እንዲያስቀምጡት ነገርኋቸው። ስለ ይለፍ ቃል የሚያውቁ ሰዎች በወረቀት መጻፍ ክልክል ነው እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይምጡና የተሻለውን ያሳዩኝ።